ቴስቶስቴሮን ሲወሰድ ደም ለምን ይወፍራል? ምንስ ይደረጋል?

በሐኪም ትእዛዝ ቴስቶስቴሮን የሚወስድ ሰው ሕክምናውን ከጀመረ ከጥቂት ወራት በኋላ ደሙን ሲመረመር፣ ከላብራቶሪ በሚመጣው ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ከፍ ብሎ ሊያገኝ ይችላል። ቁጥሩ ሄማቶክሪት ይባላል። አብዛኞቹ ላብራቶሪዎች ለአዋቂ ወንድ ከ41 እስከ 50 በመቶ ያለውን ጤናማ ይሉታል። የእሱ ግን 53 ወይም 55 ሆኖ፣ አጠገቡ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት ተደርጎበት ይመጣል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ይደነግጥና መድኃኒቱን በገዛ እጁ ያቆማል፤ ወይ ደግሞ «ምንም አላመመኝም፣ እንዲያውም በርትቻለሁ» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ሁለቱም አይበጁም። የደሙ መጨመር የመድኃኒቱ የታወቀ ውጤት ነው፤ ለምን እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚደረግለትም ይታወቃል። ይህ ጽሑፍ ነገሩን ከመነሻው እስከ መፍትሔው በቅደም ተከተል ያስረዳል።

አስቀድሞ አንድ ነገር እንለይ። እዚህ የምንነጋገርበት ነገር ክንድ ላይ ታስሮ በሚነፋው መለኪያ የሚታየው ደም ብዛት ማለትም ግፊት አይደለም። ግፊቱ ደህና የሆነ ሰው ሄማቶክሪቱ ከፍ ሊል ይችላል። ይህ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው፤ ምርመራውም በየጤና ተቋሙ ሲቢሲ የሚባለው የተለመደው ምርመራ ነው።

ቁጥሩ የሚለካው ምንድን ነው?

የቆየውን የአለካክ ዘዴ ማየት ነገሩን ያቀልለዋል። ባለሙያዋ ጣትዎን ወጋ ታደርግና ደሙን እንደ ስንደዶ በቀጠነች የብርጭቆ ቱቦ ትቀዳዋለች። የቱቦዋን አንድ ጫፍ በሸክላ መሰል ማሸጊያ ትደፍናለች። ከዚያም በደቂቃ ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ በሚሽከረከር ማሽን ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ያህል ታስቀምጣታለች። ቱቦዋ ስትወጣ ደሙ በሦስት ተከፍሎ ይታያል፦ ከታች ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ቀይ፣ መሐል ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነጣ ያለ መስመር፣ ከላይ ደግሞ ቢጫ መሳይ ፈሳሽ። ከታች የተቀመጠው ቀይ የደም ሕዋስ ነው። መሐል ያለው ቀጭን መስመር ነጭ የደም ሕዋሳትና ፕሌትሌት ናቸው። ከላይ ያለው ፈሳሽ ፕላዝማ ነው። ቀዩ ክፍል ከጠቅላላው ቁመት ግማሹን ከያዘ ሄማቶክሪቱ 50 በመቶ ነው ማለት ነው።

ዛሬ በአብዛኛው ቦታ ይህንን የሚሠራው ሕዋሳቱን እየቆጠረና መጠናቸውን እየለካ የሚያሰላ ማሽን ነው፤ የቁጥሩ ትርጉም ግን ያው ነው። በዚያው ወረቀት ላይ ሄሞግሎቢን የሚባለውም አለ፤ ኦክስጅን ተሸካሚው የቀይ ሕዋስ ክፍል መጠን ነው። ሄሞግሎቢኑ አብዛኛውን ጊዜ የሄማቶክሪቱ ሲሶ ያህል ስለሚሆን፣ ሄማቶክሪት 54 ሲሆን ሄሞግሎቢን ወደ 18 ይጠጋል። አንዳንድ አገር ሄማቶክሪትን በመቶኛ ሳይሆን በነጥብ ይጽፉታልና 0.54 ቢያዩ ያው 54 በመቶ ነው።

ሆርሞኑ ደሙን እንዴት ያበዛዋል?

ከጉርምስና በፊት ወንድና ሴት ልጅ የደም መጠናቸው ተቀራራቢ ነው። ጉርምስና ሲመጣ የወንዱ ሄሞግሎቢን ከፍ ይላል፤ አዋቂ ሲሆን ከሴቷ ከ1 እስከ 2 ግራም በዴሲሊትር ይበልጣል። ለዚህ ዋናው ምክንያት ቴስቶስቴሮን ነው። ለፕሮስቴት ካንሰር ሲባል ቴስቶስቴሮናቸው እንዲጠፋ የሚደረግ ወንዶች ሄሞግሎቢናቸው ዝቅ ማለቱ ይህንኑ ያረጋግጣል። እንግዲህ ሆርሞኑ ያነሰው ሰው ከውጭ ሲሰጠው ደሙ መጨመሩ የሚጠበቅ ነው። ጥያቄው ምን ያህል ይጨምራል የሚለው ነው።

ቀይ የደም ሕዋስ የሚሠራው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ጤነኛ መቅኔ በሰከንድ 2 ሚሊዮን ያህል ያመርታል፤ እያንዳንዱ ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ኖሮ ያልፋል። ምርቱ እንዲጨምር ትእዛዝ የሚሰጠው ኩላሊት ነው። ኩላሊት ኦክስጅን ያነሰ ሲመስለው ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ መቅኔውም ምርቱን ይጨምራል። ይህ ሆርሞን በደም ውስጥ ያለው እጅግ በጣም ጥቂት በመሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጥሮ የወጣው በ1977 ነው። ለዚያም በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን ጎልድዋሰርና ባልደረቦቹ ከጃፓን የመጣ የ2,550 ሊትር የሕሙማን ሽንት ማጣራት ነበረባቸው። ሕዋሳት የኦክስጅንን ማነስ እንዴት እንደሚያውቁ ደርሰው ያሳዩት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሰሜንዛ ደግሞ በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

በጤናማው አሠራር ደሙ በቂ ሲሆን ኩላሊት ትእዛዙን ይቀንሳል። ቴስቶስቴሮን ሲገባ ግን ይህ ልክ ይለወጣል። በ2014 የታተመ በዕድሜ በገፉ ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ኤሪትሮፖይቲን ይጨምራል፤ በኋላ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ደሙ በዝቶ ሳለ ግን ሊሆን የሚገባው ከነበረበትም በታች መውረድ ነበር፤ አይወርድም። ሰውነት ከፍ ያለውን የደም መጠን እንደ ልኩ ይቀበለዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ በብረት ማዕድን በኩል ነው። ብረት ከሌለ ሄሞግሎቢን አይሠራም። ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ የዚህ ሆርሞን ሥራ ብረት ከአንጀትና ከተከማቸበት ቦታ ወደ ደም ከመጠን በላይ እንዳይገባ መከልከል ነው። ቴስቶስቴሮን ሄፕሲዲንን ይቀንሰዋል። ያን ጊዜ ከምግብ የሚገባውም፣ ተከማችቶ የነበረውም ብረት በቀላሉ ወደ መቅኔ ይደርሳል። ትእዛዙም ጥሬ ዕቃውም አንድ ላይ ሲጨምሩ ምርቱ ይጨምራል።

ይህ ውጤት ለአንዱ ጉዳት ሲሆን ለሌላው መድኃኒት ነው። ኤሪትሮፖይቲን ራሱ በላብራቶሪ ተሠርቶ በ1989 አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና ከመፈቀዱ በፊት፣ ኩላሊታቸው ሥራ ባቆመ ሰዎች ላይ የሚመጣውን ደም ማነስ ሐኪሞች በናንድሮሎንና በመሰል የቴስቶስቴሮን ዘመድ መድኃኒቶች ያክሙት ነበር። በ2017 የወጣ የአሜሪካ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ቴስቶስቴሮናቸው ካነሰና ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ማነስ ካለባቸው ወንዶች መካከል፣ ሆርሞኑን ከወሰዱት 54 በመቶው ሄሞግሎቢናቸው ቢያንስ በ1 ግራም ከፍ ብሏል። መድኃኒት የሌለበት ጄል ከተቀቡት ይህ የታየው በ15 በመቶው ብቻ ነው። ስለዚህ ሲጀምሩ ደም ያነሳቸው ሰዎች መጠነኛ ጭማሪ ሲያገኙ ሊያሰጋቸው አይገባም። የሚያሰጋው መጀመሪያውኑ ሞልቶ የነበረው ሲተርፍ ነው።

ሲበዛ ምን ጉዳት አለው?

ሽሮ የሠራ ሰው ያውቀዋል። የፈላው ውኃ ላይ ዱቄቱን ሲነሰንሱ መጀመሪያ ላይ ብዙም ለውጥ የለም፤ ከአንድ ደረጃ በኋላ ግን ጥቂት ማንኪያ ዱቄት ብቻ ማማሰያውን ያከብደዋል። የደም ውፍረትም እንዲሁ ነው። ሄማቶክሪት ከ40 ወደ 45 ሲወጣ የውፍረቱ ለውጥ መጠነኛ ነው፤ ከ50 በላይ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ከቀደመው የበለጠ ያወፍረዋል። የወፈረ ደም በጠባብ ሥሮች ውስጥ ለመዝለቅ ይዘገያል። ቀይ ሕዋስ በበዛ ቁጥር ኦክስጅን በዚያው ልክ የሚዳረስ ይመስላል እንጂ፣ ከልክ ሲያልፍ ፍሰቱ ስለሚቀንስ ለአካል የሚደርሰው ኦክስጅን መልሶ ያንሳል። ከዚህም ሌላ ቀይ ሕዋሳቱ ሲጨናነቁ ደም አርጊዎቹን ፕሌትሌቶች ወደ ሥሩ ግድግዳ ይገፏቸዋል።

አንዳንድ ሰው ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊት መቅላት ይሰማዋል። ብዙው ግን ምንም አይሰማውም። «አላመመኝም» የሚለው ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

አደጋው ምን ያህል ነው? መረጃው ሁለት ወገን አለው፤ ሁለቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። በ2023 ትራቨርስ በሚል ስም ውጤቱ የታተመው ትልቅ ጥናት ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 80 የሆኑ፣ የልብ ሕመም ያለባቸው ወይም በጣም የሚያሰጋቸው ከ5,200 በላይ ወንዶችን ተከታትሏል። በድንገተኛ የልብ ጥቃት፣ በስትሮክና በልብ ሕመም ሞት ረገድ ቴስቶስቴሮን ጄል የተቀቡት 7.0 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበትን የተቀቡት 7.3 በመቶ ሆኑ፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም በሳንባ ሥር የሚቀረቀር የረጋ ደም ቴስቶስቴሮን በወሰዱት 0.9 በመቶ፣ በሌሎቹ 0.5 በመቶ ነበር። በዚህ ጥናት ሄማቶክሪታቸው ከ54 እንዳያልፍ መጠኑ እየተስተካከለ እንደነበረ መዘንጋት የለበትም። ያ ደህና ውጤት የተገኘው በክትትል ነው።

በ2022 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ቴስቶስቴሮን የሚወስዱትን እርስ በርስ አነጻጸረ። በመጀመሪያው ዓመት ሄማቶክሪታቸው 52 እና ከዚያ በላይ ከደረሰው መካከል 5.15 በመቶው የልብ፣ የስትሮክ ወይም የደም መርጋት አደጋ ደረሰባቸው፤ ከ52 በታች ከቆዩት 3.87 በመቶው። ልዩነቱ ሰማይ ከምድር አይደለም፤ ግን አለ። ሐኪሞች ድንበር አድርገው የያዙት 54 በመቶ በአንድ ጥናት ተለክቶ የተገኘ ሳይሆን ባለሙያዎች ያለውን መረጃ መርምረው የተስማሙበት ነው። 53.9 ከአደጋ ነጻ፣ 54.1 ደግሞ ጥፋት አይደለም። ቁጥሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማየት ከአንድ ቀን ንባብ ይበልጣል።

ይበልጥ የሚያጋጥመው ለማን ነው?

ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ነው። በጡንቻ የሚወጋው ኢናንቴት ወይም ሲፒዮኔት በየሁለት ሳምንቱ በትልቅ መጠን ሲሰጥ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆርሞኑ ከጤናማው ልክ በላይ ይወጣል፤ ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ደግሞ ይወርዳል። በቆዳ የሚገባው ግን ቀን በቀን ተቀራራቢ መጠን ይሰጣል። በ1999 የታተመ ጥናት ሁለቱን ጎን ለጎን አይቷቸዋል፦ በየሁለት ሳምንቱ 200 ሚሊግራም ኢናንቴት ከተወጉት 43.8 በመቶው፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ከተጠቀሙት 15.4 በመቶው ሄማቶክሪታቸው ከልክ አልፏል። ያለ ሐኪም በጂም ሰፈር የሚወሰደው መጠን ከዚህም እጅግ ስለሚበልጥ፣ አደጋውም በዚያው ልክ ይከብዳል።

ዕድሜም ለውጥ ያመጣል፤ በተመሳሳይ መጠን በዕድሜ የገፋው ሰው ደም ከወጣቱ ይበልጥ ይጨምራል።

ቀጥሎ የሚታየው ትንፋሽ ነው። በእንቅልፍ መካከል ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚያንኮራፋ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅኑ እየወረደ ያድራል፤ ኩላሊቱም ደም እንዲጨመር ያዛል። ቴስቶስቴሮን ሲታከልበት ሁለቱ ይደማመራሉ። ሲጋራም እንዲሁ ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ሰውነቱ ጉድለቱን በብዙ ሕዋስ ሊያካክስ ይሞክራል። ይኸው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሚነድ ከሰልም ይወጣል። ለስኳር ሕመም የሚሰጡት ኤምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ደግሞ ሄማቶክሪትን በጥቂት ነጥብ ከፍ ያደርጋሉ። እነዚህን የሚወስድ ሰው ለሁለቱም ሐኪሞቹ መንገር አለበት፤ የስኳሩ ሐኪም የሆርሞኑን፣ የሆርሞኑ ሐኪም የስኳሩን ሳያውቅ ይቀራልና።

ከፍታም አለ፤ ይህ እኛን በቀጥታ ይነካናል። በ2018 የወጣው የአሜሪካ የኢንዶክሪን ማኅበር መመሪያ ሄማቶክሪቱ ከ48 በመቶ በላይ የሆነ ሰው ቴስቶስቴሮን እንዳይጀምር ይመክራል፤ በከፍተኛ ቦታ ለሚኖር ሰው ድንበሩን ወደ 50 ያነሣዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ላይ ትገኛለች። ታዲያ 53 ወይም 54 ሲመጣ «ከፍታው ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል? አይቻልም። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ሆኖ አግኝተውታል። ይህ ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይርቅም፤ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች በተመሳሳይ ከፍታ ከሚኖሩት ግን በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ለደገኛው ኢትዮጵያዊ ከሁሉ የሚሻለው ማነጻጸሪያ መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት የተለካው የራሱ ቁጥር ነው። ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ መጥቶ አዲስ አበባ የሚከርም ሰውም ሁለቱን ወረቀቶች ሲያስተያይ የትኛው የት እንደተለካ ለሐኪሙ ይንገር።

ከፍ ካለ ምን ይደረጋል?

በመጀመሪያ ምርመራውን መድገም ነው። ውኃ የጎደለው ሰውነት ፕላዝማው ስለሚቀንስ ቀዩ ክፍል ሳይጨምር ሄማቶክሪቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ተቅማጥ የያዘው፣ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ፣ በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ውጭ ሲሠራ የዋለ፣ ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የጾመ ሰው ደሙን በዚያው ሰዓት ከሰጠ ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል። በሚገባ ውኃ ጠጥተው፣ አረፍ ብለው ይድገሙት። ነገር ግን ውኃ የሚያስተካክለው የውኃ ጉድለትን ብቻ ነው፤ በእርግጥ የበዙትን ሕዋሳት አይቀንስም።

ሁለተኛው የመድኃኒቱን መጠን ማየት ነው። የሆርሞኑ መጠን በደም ውስጥ ይለካል፤ በመርፌ ለሚወስድ ሰው አመቺው ጊዜ በሁለት መርፌዎች መካከል ያለው ቀን ነው። ከጤናማው ልክ መሐል በላይ ከሆነ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል። ወይም ያንኑ መጠን ይከፋፍለዋል፤ በየሁለት ሳምንቱ 200 ሚሊግራም ከመውጋት በየሳምንቱ 100 ሚሊግራም መውጋት ጫፍ የወጣውን ዝቅ ያደርገዋል። ወይም ከመርፌ ወደ ጄል ያዛውራል። ሄማቶክሪቱ ከ54 ካለፈ መመሪያዎቹ መድኃኒቱ ደሙ እስኪወርድ እንዲቆምና በዝቅተኛ መጠን እንደገና እንዲጀመር፣ አለዚያም መጠኑ እንዲቀነስ ያዝዛሉ። ውሳኔው የሐኪሙ ነው፤ ስትሮክ ወይም የደም መርጋት ደርሶበት ለሚያውቅ ሰው ከዚያ በፊትም ሊያቆመው ይችላል።

ሦስተኛው ሌላ ምክንያት መፈለግ ነው። ሌሊት ትንፋሹ መቋረጡን ብዙ ጊዜ የምታውቀው ሚስት ናት፤ ጥያቄው ለእሷም ይቅረብ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ማቆሙ ራሱ ሕክምና ነው። መጠኑ ተቀንሶም ሄማቶክሪቱ ካልወረደ፣ ወይም ነጭ ሕዋሱና ፕሌትሌቱም አብረው ከበዙ፣ ሐኪሙ ፖሊሳይቴሚያ ቬራ የሚባለውን የመቅኔ ሕመም ይጠረጥራል። ይህ ከመድኃኒቱ ጋር ግንኙነት የሌለው ሌላ ሕመም ነው። አብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ ጃክ 2 በሚባል ዘረመል ላይ በ2005 የታወቀ ለውጥ ይገኛል፤ በደም ምርመራም ይለያል። ሕክምናውም ድንበሩም ሌላ ነውና አንዱን በሌላው መለካት አይገባም።

ደም መቅዳትስ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው፤ በቅደም ተከተል ግን የመጨረሻው ነው። ከ450 እስከ 500 ሚሊሊትር የሚይዝ አንድ ከረጢት ደም ሲወጣ ሄማቶክሪት ወደ 3 ነጥብ ይወርዳል። ቁጥሩ በጣም ከፍ ብሎ ምልክት ሲታይ፣ ወይም ሐኪሙ ቶሎ ማውረድ ሲፈልግ ይጠቅማል። ችግሩ ያበዛው ምክንያት ሳይነካ መቅረቱ ነው፤ መጠኑ ካልተቀነሰ ደሙ ተመልሶ ይሞላል። በ2017 የታተመ የካናዳ ጥናት ቴስቶስቴሮን እየወሰዱ ደጋግመው ደም የሚለግሱ ሰዎችን ተከታትሎ፣ ልገሳው ብቻውን የብዙዎቹን ደም ከአሳሳቢው ድንበር በታች ማቆየት እንዳልቻለ አሳይቷል።

ሌላም ዋጋ አለው። ከእያንዳንዱ ከረጢት ጋር ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይወጣል፤ በጤነኛ ወንድ አካል ውስጥ በመጠባበቂያ የሚቀመጠው ብረት ደግሞ በጠቅላላው ወደ 1 ግራም ብቻ ነው። በአጭር ጊዜ አራት አምስት ጊዜ የተቀዳ ሰው ሄማቶክሪቱ ገና ከፍ እንዳለ ብረቱ ሊሟጠጥ ይችላል። ያን ጊዜ ድካም ይመጣል፣ እግር ሌሊት አላርፍ ይላል፣ ሐሳብ ይበተናል። ሰውየው «ቴስቶስቴሮኔ አንሶ ነው» ብሎ መጠኑን ሲጨምር ደሙ እንደገና ይበዛል፤ እንደገና ይቀዳል። ከዚህ አዙሪት ለመውጣት ፌሪቲን የሚባለውን የብረት ክምችት ምርመራ አብሮ ማሠራት ይገባል። ብረቱ አነሰ ብለውም ያለ ሐኪም የአይረን ክኒን አይጀምሩ፤ መድኃኒቱ በሥራ ላይ እያለ ብረቱ ሲገባ ሄማቶክሪቱ በፍጥነት ሊወጣ ይችላል።

ደም መለገስ የሚፈልግ ሰው ቴስቶስቴሮን እንደሚወስድ ለደም ባንኩ በግልጽ ይንገር፤ ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ በሁለት ልገሳዎች መካከል ቢያንስ 56 ቀን ማለፍ አለበት። ዋግምት ግን ለዚህ ችግር መድኃኒት አይሆንም። የሚወጣው ደም ተለክቶ አይታወቅም፣ ምላጩም በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚነሣ ሌላ ጥያቄም አለ፦ «ደም ማቅጠኛ ብወስድስ?» አስፕሪንና ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉ ናቸው እንጂ የቀይ ሕዋስን ቁጥር አይቀንሱም። ነጭ ሽንኩርትም ዝንጅብልም አይቀንሱትም። አስፕሪንን በራስ ውሳኔ መጀመር ደግሞ የጨጓራ መድማት ሊያስከትል ይችላል። ጤፍና ሥጋ ብረት አላቸው ብሎ ከምግብ መሸሽም ሕክምና አይደለም።

ለመውረድ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ቀይ ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር በየቀኑ የሚያልፈው ከመቶ አንድ ያህሉ ነው። ስለዚህ መጠኑ ዛሬ ቢቀነስ በሳምንቱ ለውጥ አይታይም፤ በወራት ነው የሚታየው። መጠኑ ከተቀየረ በኋላ እንደገና መለካት ትርጉም የሚኖረው ወደ ሦስት ወር ሲጠጋ ነው። ከዚያ በፊት ተስፋ ቆርጦ ሌላ ለውጥ መጨመር የትኛው እንደሠራ ያሳጣል።

የክትትሉ ጊዜ ይህን ይመስላል። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ሲቢሲ ይሠራል። ጭማሪው ይበልጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ስለሆነ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይደገማል። በዓመቱ ይታያል፤ ከዚያም ቢያንስ በየዓመቱ። መጠኑ ወይም ዓይነቱ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ቀደም ብሎ ይደገማል። ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ ማኅደር ያስቀምጡ፤ አገር ለሚቀይር ሰው ይህ ከሁሉ ይጠቅማል።

ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሮጡ ምልክቶችም አሉ፦ የደረት ሕመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ብቻ ማበጥና ማመም፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል፣ የንግግር መኮላተፍ። እነዚህ ሲታዩ ቀጠሮ አይጠበቅም። ሲደርሱም ቴስቶስቴሮን እንደሚወስዱ መጀመሪያ ይናገሩ።

በመጨረሻ ይህን አደራ እላለሁ። ቴስቶስቴሮን በሁለት የተለያዩ ጠዋቶች ተመርምሮ ማነሱ ለተረጋገጠና ምልክቱ ላለበት ሰው የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ ለድካም ሁሉ የሚወጋ አይደለም። የሚገባው ሰው በነውር ስሜት ሳይደበቅ በሐኪም ፊት ይውሰደው፤ ቤተሰቡም ይወቀው። ሲቢሲ ሳይታይ የመጀመሪያውን መርፌ አይወጉ፤ ስድስት ወር ሳይሞላም ሁለተኛውን ሲቢሲ ያሠሩ። ሐኪሙ ከረሳ እርስዎ ይጠይቁ፤ መጠየቅ መብትዎ ነው።